የጃፓን ባህልና የባለ እጁ ጥያቄ

ስለ ጃፓን ባህል በአገራችን ሲነገር ነገሩ ዘወትር በሁለት መንገድ ይሄዳል። አንደኛው የትዕይንት መንገድ ነው፤ ኪሞኖ፣ የሳሙራይ ጎራዴ፣ የሻይ ሥነ ሥርዓት፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህም ወጣቱ በስልኩ የሚከታተላቸው ማንጋና አኒሜ የተባሉ የሥዕል ታሪኮች ይደረደሩና ተመልካቹ ተደንቆ ያልፋል። ሁለተኛው የመድኃኒት መንገድ ነው፤ ጃፓኖች የሠለጠኑት ታታሪና ሥርዓት አክባሪ በመሆናቸው ነው፣ ይህን ጠባይ ብንቀዳ እኛም እንሠለጥናለን ይባላል። ሁለቱ አመለካከቶች በመልክ ቢለያዩም በመሠረቱ አንድ ስሕተት ይጋራሉ። ሁለቱም ባህልን ከሥራና ከሠራተኛው እጅ ነጥለው በአየር ላይ እንደ ተንሳፈፈ ነገር ያዩታል።

ባህል ከሰማይ የሚወርድ ጸጋ ወይም በደም የሚወረስ ጠባይ አይደለም። አንድ ኅብረተሰብ ለመኖር ሲል ከተፈጥሮ ጋር በሚያደርገው ትግል፣ በዚያው ትግል ውስጥም ሰዎች እርስ በርሳቸው በሚፈጥሩት ግንኙነት ላይ ተመሥርቶ የሚያድግ ነው። ስለዚህም የአንድን አገር ባህል የሚመረምር ሰው በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት «ሕዝቡ ምን ይለብሳል?» ብሎ ሳይሆን «ልብሱን የሚሠራለትን ሰው በምን ዓይን ያየዋል?» ብሎ ነው። ጃፓንንም ራሳችንንም በዚህ ጥያቄ እንመርምር።

መኪናው ከየት መጣ?

ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከመገናኛ ተነሥቶ በሲኤምሲ በኩል መሪን አቋርጦ አያት የሚደርሰውን መንገድ መመልከት ይበቃል። በዚህ መስመር ከጥቅምት 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቀላል ባቡር ሥራ ጀምሮ መሪም የራሷን ጣቢያ ብታገኝም፣ ከባቡሩ በፊትም ሆነ በኋላ የአካባቢውን ሠራተኛ ሕዝብ ጧት ወደ ሥራው፣ ማታ ወደ ቤቱ ሲያመላልስ የኖረው ሃያስ የሚባለው የቶዮታ ሚኒባስ ነው። ወያላው «መሪ፣ አያት!» እያለ የሚጠራበት ይህ ተሽከርካሪ የአዲስ አበባ ሕዝብ ከጃፓን ዕቃዎች ሁሉ በቅርብ የሚያውቀው ነው። ይሁን እንጂ የዚህ መኪና የትውልድ ሐረግ የሚጀምረው ከሽመና ዕቃ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1867 በሺዙኦካ ገጠር ከአናጢ ቤት ተወለደ። የመንደሩ ሴቶች በእጃቸው ሲሸምኑ እያየ አደገና ድካማቸውን የሚያቃልል ዕቃ ለመሥራት ተነሣ። በ1891 ለእንጨት የእጅ ሽመና ዕቃው የፈጠራ መብት አገኘ። ቆይቶም በሞተር ኃይል የሚሠራውን፣ በመጨረሻም በ1924 መወርወሪያውን ሳይቆም ራሱ የሚለውጠውን፣ ክር ሲበጠስ ግን ራሱ የሚቆመውን የሽመና መኪና ፈጸመ። በ1929 ፕላት ብራዘርስ የተባለው ታላቅ የእንግሊዝ ኩባንያ የዚህን ፈጠራ መብት ገዛ። ለዓለም የጨርቃ ጨርቅ መኪና ስትሸጥ የኖረችው እንግሊዝ ከእስያ አናጢ ልጅ ዕውቀት ገዢ ሆነች ማለት ነው። የሳኪቺ ልጅ ኪይቺሮ በ1933 በዚያው የሽመና መኪና ፋብሪካ ውስጥ የአውቶሞቢል ክፍል አቋቋመ፤ ክፍሉም በ1937 ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ። በ1967 ለገበያ የቀረበው ሃያስ የዚህ ሐረግ ልጅ ነው።

አሁን ደግሞ ከመሪ ወደ ምዕራብ፣ የእንጦጦን ሰንሰለት ግርጌ ይዘን ብንሄድ ሽሮ ሜዳ እንደርሳለን። እዚያ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ድሩን ወጥረው፣ ማጉን በመወርወሪያ እያስገቡ አገሬው በዓመት በዓል የሚያጌጥበትን ነጠላ፣ ኩታና ጥበብ ይሠራሉ። በዚያው ግርጌ ቀጨኔ አለ፤ እዚያም ሸክላ ሠሪ ሴቶች ሕዝቡ ቡናውን የሚያፈላበትን ጀበና፣ ወጡን የሚሠራበትን ድስት ከጭቃ ያወጣሉ። የጥለቱን ውበት የተመለከተ ሰው በእነዚህ እጆች ላይ የጥበብ ማነስ አያገኝባቸውም። እንግዲያው ከሺዙኦካ የሽመና ዕቃ መኪና ሲወለድ ከሽሮ ሜዳ የሽመና ጉድጓድ ለምን ሸማኔው ራሱ ሳይለወጥ ቀረ? ስለ ጃፓን ባህል የሚደረግ ጥናት ለእኛ ጥቅም የሚኖረው ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሲረዳ ብቻ ነው።

አንድ ዕቃ የሚሻሻለው በዕቃው የሚሠራው ሰው ትርፍ ጊዜ፣ መነሻ ገንዘብ፣ ትምህርትና ክብር ሲኖረው ነው። በእኛ አገር ባላባታዊው ሥርዓት አራቱንም ነፍጎት ኖሯል። በብዙ ስፍራ ባለ እጁ የርስት መሬት አልነበረውም፤ ሥራውን የሚሠራው በሌላው መሬት ላይ በጥገኝነት ተቀምጦ ነበር። ከዚህ የኢኮኖሚ ዝቅተኝነት ላይ የንቀት ሕንፃ ተገነባ። ብረት የሚቀጠቅጠው ቡዳ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ ተባለ። ማረሻውን ከባለ እጁ ተቀብሎ የሚያርሰው፣ ኩታውን ከሸማኔው ገዝቶ የሚለብሰው ሰው ከሠሪው ጋር ማዕድ ለመቁረስና ልጁን ለመዳር ተጸየፈ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማወጅ መድረሳቸው ንቀቱ መንግሥትን ያሳሰበ የአገር ችግር እንደ ነበረ ይመሰክራል። ነገር ግን አዋጁ ስድቡን እንጂ ስድቡ የበቀለበትን የመሬት ሥሪት አልነካም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ሥሪቱን ቢያፈርስም ንቀቱ ከሥሪቱ በኋላ ብቻውን ሲኖር ታይቷል። የኅሊና ቅሪት መሠረቱ ከፈረሰ በኋላም ለረጅም ጊዜ በሕይወት እንደሚቆይ ከዚህ እንረዳለን።

የሳሙራዩና የቆዳ ፋቂው አገር

እዚህ ላይ «ጃፓን ከጥንት ጀምሮ ባለ እጁን የምታከብር አገር ስለ ሆነች ነው» የሚል መልስ ይሰነዘር ይሆናል። ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። በቶኩጋዋ ዘመን ሕዝቡ በወግ ተዋረድ ተከፋፍሎ ነበር፤ ከላይ ጦረኛው፣ ቀጥሎ ገበሬው፣ ከእርሱ በታች ባለ እጁ፣ በመጨረሻም ነጋዴው። ከሁሉም በታች ደግሞ ከቁጥር ውጭ የተደረጉ፣ ቆዳ የሚያለፉና የሞተ ከብት የሚገፉ ሰዎች ነበሩ። ከሌላው ሕዝብ ተለይተው ይቀመጡ፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ይከለከሉ ነበር። የእኛን ፋቂ የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. በ1868 የተነሣው የሜጂ መንግሥት በ1871 የእነዚህን ሰዎች መገለል በአዋጅ ሻረ። አዋጁን በመቃወም በአንዳንድ ስፍራ ገበሬዎች ሳይቀሩ ተነሥተው ነፃ በወጡት ሰዎች መንደሮች ላይ አደጋ ጥለዋል። ቡራኩሚን የሚባሉት የእነርሱ ልጆች በ1922 ሱይሄይሻ የተባለውን ማኅበር መሥርተው ለእኩልነት ታገሉ። የጃፓን ምክር ቤት ልዩነቱን ለማስወገድ ሕግ ማውጣት ያስፈለገው ደግሞ በ2016 ጭምር ነው። ስለዚህ ጃፓን ከንቀት ነፃ ሆና የተፈጠረች አገር አይደለችም። በአንድ የታሪክ ወቅት የንቀቱን መሠረት ለመምታት የተገደደች አገር ናት።

የተገደደችበትም ምክንያት የታወቀ ነው። በ1853 የአሜሪካ የጦር መርከቦች በደጃፏ ቆመው በሯን እንድትከፍት ሲያስፈራሩ፣ የተከፋፈለው የመሳፍንት አገዛዝ አገሪቱን ከቅኝ ገዢዎች ሊያድን እንደማይችል ግልጽ ሆነ። በ1871 የመሳፍንቱ ግዛቶች ተሻሩ። በ1872 አጠቃላይ የትምህርት ሥርዓት ታወጀ። በ1873 የመሬት ግብር በመሬቱ ዋጋ ላይ ተተምኖ በገንዘብ እንዲከፈል ተደረገ። በ1876 ሳሙራዩ ጎራዴ መታጠቁን ተከለከለ፤ የሚኖርበት ቀለብም ቀረ። ጎራዴው ዛሬ የጃፓን ባህል ምልክት ሆኖ ይሸጣል። ይሁን እንጂ ዘመናዊቷ ጃፓን መንገዷን የጀመረችው ጎራዴውን ከወገብ በማስፈታት ነው።

የዚህን ሁሉ ዋጋ የከፈለው ማን ነው? በመጀመሪያ ገበሬው ነው። ግብሩ ከብዶት በመነሣቱ መንግሥት በ1877 ከመቶ ሦስት የነበረውን ወደ ከመቶ ሁለት ተኩል ለመቀነስ ተገደደ። ቀጥሎም በሐር ፋብሪካዎች የተቀጠሩት የገበሬ ሴቶች ልጆች ናቸው። አገሪቱ ለመኪናና ለመርከብ መግዣ የምታወጣው የውጭ ምንዛሪ በብዙ መጠን የተገኘው ከእነዚህ ልጃገረዶች ጣት ነው። «ታታሪነት የጃፓን ጠባይ ነው» የሚለው አባባል ይህን ግብርና ይህን የፋብሪካ ሌሊት ሸፍኖ ያልፋል።

ሁለት ገጽ ያለው ባህል

የጃፓን ጥንታዊ ባህል ተብሎ የሚቀርበው ሁሉ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። በውስጡ የገዢውም የተገዢውም ድምፅ አለ። ካቡኪ የተባለውን ትያትር በ1603 ገደማ በኪዮቶ የጀመረችው ኦኩኒ የተባለች ሴት ናት። መንግሥት በ1629 ሴቶች በመድረክ ላይ እንዳይታዩ ቢከለክልም የከተማው ተራ ሕዝብ ትያትሩን አልጣለም። በእንጨት እየተቀረጸ የሚታተመው ሥዕልም የነጋዴውና የባለ እጁ ሥዕል ነበር። ሆኩሳይ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ታላቁ ማዕበል ዛሬ በዓለም ሙዚየሞች ይታያል፤ ነገር ግን አንድ እንዲህ ያለ ሥዕል ከሠዓሊው ሌላ የአሳታሚው፣ የእንጨት ቀራጩና የአታሚው የጋራ ሥራ ነው። ስሙ የቀረው የአንዱ ሲሆን እጁ ያረፈበት የብዙዎች ነው። ዛሬም አኒሜ በዓለም ገበያ ከፍ ያለ ገንዘብ ሲያስገኝ ሥዕሉን በየፍሬሙ የሚስሉት ወጣቶች ስለ ክፍያቸው ማነስ ማማረራቸው የዚሁ ቅራኔ ቅጥያ ነው።

ከዚህ ጎን ደግሞ ገዢው ክፍል ለራሱ ጥቅም የቆረጠውና የሰፋው ባህል ቆሟል። ከሕዝቡ ጥቂት እጅ ብቻ የነበረው የሳሙራይ ደንብ የሕዝቡ ሁሉ ጠባይ ተደርጎ የተሰበከው ሳሙራይ በመደብነቱ ከጠፋ በኋላ ነው። በ1890 የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ቃል በየትምህርት ቤቱ ታዛዥነትን አስተማረ። ያ ታዛዥነት በ1910 ኮሪያን ለመጠቅለል፣ በ1931 ማንቹሪያን ለመውረር፣ በመጨረሻም ሚሊዮኖችን ወደ ሞት ለመንዳት መሣሪያ ሆነ። ስለዚህ «የጃፓንን ባህል እንውሰድ» የሚል ሁሉ «የትኛውን? የማንን?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ለዚህ ጥያቄ ራሳቸው ጃፓኖች በሕዝብ ኪነ ጥበብ የሰጡት አንድ መልስ «ኦሺን» የተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። በ1983 እና በ1984 የታየው ይህ ድራማ ጀግና ያደረገው ቤተሰቧ ለሩዝ ሲል በሕፃንነቷ በአገልጋይነት የሰጣትን የድሃ ጭሰኛ ልጅ ነው። ከ60 በላይ በሆኑ አገሮች የወደደው ሕዝብም በውስጧ ያየው የራሱን እናት ድካም ነው።

የቀደሙት ምሁራን ምን አዩ?

የእኛ አገር ምሁራን ጃፓንን ማየት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ገና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኢትዮጵያ የጃፓንን ፈለግ እንድትከተል ጽፈዋል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያዘጋጁት፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመው ሕገ መንግሥት በ1889 ከወጣው የሜጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ከእነርሱም በኋላ ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ሲሉ ጽፈዋል። የእነዚህ ሰዎች የአገር ፍቅርና አርቆ አሳቢነት የሚካድ አይደለም። ነጭ ያልሆነ ሕዝብ ሳይገዛ ሊሠለጥን እንደሚችል ያዩበትን ማስረጃ ለወገናቸው ማካፈላቸው በዚያ የቅኝ ግዛት ዘመን ታላቅ ሥራ ነበር።

ይሁን እንጂ ከጃፓን ተወስዶ በሥራ ላይ የዋለው የቱ ነው? የንጉሠ ነገሥቱን አይደፈሬነት የሚደነግገው አንቀጽ በቶሎ ተሻገረ። ከአንቀጹ በፊት በጃፓን የተፈጸሙት የመሳፍንት ግዛት መሻር፣ የሕዝብ ትምህርትና የመሬት ግብር ለውጥ ግን ከመሬት ከበርቴው ጥቅም ጋር ስለ ተጋጩ ወደ ኋላ ቀሩ። ጣሪያው መጣ፤ ግድግዳውና መሠረቱ ቀረ።

ከዚህም በላይ የጊዜውን ዓለም አቀፍ ሁኔታ ማየት ያሻል። ኅሩይ ጃፓን የደረሱት የጃፓን ጦር ማንቹሪያን መውረር በጀመረ በሁለት ወር ገደማ ነበር። በዚያው ዘመን ከጃፓን ፋብሪካዎች የሚወጣው ርካሽ የጥጥ ጨርቅ በአዲስ አበባ ገበያ ዋነኛውን ስፍራ ይዞ ነበር። የሳኪቺ አገር የሽመና መኪና ከእኛ ሸማኔ ጋር የተገናኘው በጓደኛነት ሳይሆን በተወዳዳሪነት ነው። ፋሺስት ኢጣልያ በወረረችን ጊዜም ብዙ ጃፓናውያን ለኢትዮጵያ ድጋፋቸውን ቢገልጹም፣ መንግሥታቸው በ1936 ማብቂያ በአዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮን ወደ ቆንስላ ዝቅ በማድረግ ወረራውን በተግባር ተቀበለ። ኢጣልያም በፈንታዋ በ1937 ጃፓን በማንቹሪያ ላቆመችው መንግሥት ዕውቅና ሰጠች። ሕዝብ ለሕዝብ የሚኖረው ስሜትና መንግሥታት የሚሸጡት የሚገዙት ጥቅም አንድ አለመሆኑን ታሪክ እዚህ ላይ በጉልህ ጽፎታል።

ካይዘንና አምስቱ «ማ»ዎች

ከጃፓን የመቅዳት ፍላጎት በዘመናችን ካይዘን በሚል ስም ተመልሷል። የጃፓን የዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት በሆነው በጃይካ ድጋፍ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በ30 ድርጅቶች ሙከራ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚሉት አምስቱ «ማ»ዎች በብዙ ፋብሪካና መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጠፉ።

ካይዘን በቃሉ መሻሻል ማለት ነው። እርሱም ከሳሙራይ ዘመን የወረደ ምሥጢር አይደለም። የጃፓን ፋብሪካዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካን የጥራት ቁጥጥር ትምህርት ከራሳቸው ልምድ ጋር አዋሕደው ያሳደጉት አሠራር ነው። ፍሬ ነገሩም ይህ ነው፦ ሥራውን የሚያውቀው የሚሠራው ሰው ስለ ሆነ፣ ማሻሻያው ከእርሱ ይመንጭ። ክር ሲበጠስ ራሱን የሚያቆመው የሳኪቺ ዕቃ በቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ብልሽት ያየ ማንኛውም ሠራተኛ መስመሩን እንዲያስቆም ሥልጣን ወደሚሰጥ ሥርዓት ተለወጠ።

እንግዲህ ወረቀቱ በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሠራተኛው መኪናውን ለማስቆም የሚፈራ ከሆነ፣ ሐሳቡን ያቀረበው ሠራተኛ ከተገኘው ትርፍ የማይካፈል ከሆነ፣ አሁንም የመጣው ጣሪያው ብቻ ነው። የጃፓኑን ጥላም መርሳት አይገባም። በሥራ ብዛት መሞትን የሚገልጽ ካሮሺ የሚባል ቃል የፈጠረው ይኸው አገር ነው፤ ይህንም ሞት ለመከላከል በ2014 ሕግ አውጥቷል። ለድርጅቱ ሙሉ ሕይወትን መስጠት እንደ በጎ ባህል ሲመሰገን የሚሰጠው የማን ሕይወት እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ምን ይደረግ?

ከጃፓን ልንማር የሚገባን ነገር አለ፤ ነገር ግን በትክክል ይለይ። በኢሴ ያለው ታላቁ የሺንቶ ቤተ መቅደስ በየ20 ዓመቱ እንደ ገና ይሠራል፤ በ2013 ለ62ኛ ጊዜ ታድሷል። እንጨቱ አዲስ ነው፤ ጥንታዊ የሚባለው የአናጢው ዕውቀት ነው። በእኛ በኩል በየካ ተራራ ላይ ከዓለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ። ድንጋዩ ጸንቷል፤ የፈላፊዎቹ ስምና የሥራቸው ትምህርት ግን ከድንጋዩ ጋር አልደረሰንም። እኛ ሥራውን ስናከብር ሠሪውን ረስተናል።

ጃፓን በ1950 ባወጣችው የቅርስ ጥበቃ ሕግ ከሕንፃውና ከዕቃው በተጨማሪ የእጅ ጥበብን ራሱን ቅርስ አድርጋ ቆጠረች። ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔና ብረት ሠሪ ሕዝቡ «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» በሚለው ማዕረግ ይጠራል፤ በዓመት ሁለት ሚሊዮን የን ድጎማ ይሰጠዋል፤ በምላሹም ዕውቀቱን ለተተኪ ማስተላለፍ ይጠበቅበታል። ይህ ማዕረግ ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ለሕፃናቱ የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ፤ ጭቃ የነካ እጅ በመንግሥት አደባባይ ሊጨበጥ እንደሚገባ።

ለሽሮ ሜዳው ሸማኔና ለቀጨኔዋ ሸክላ ሠሪም የሚያስፈልገው ይህ ነው። አንደኛ፣ ጥለቱ የእርሱ ይሁን። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በእጃችን አለ፤ ጥለቱን የሚኮርጅ የፋብሪካ ጨርቅ ከውጭ ገብቶ ገበያውን ሲያጥለቀልቅ ሕጉ ለሸማኔው ካልቆመለት በወረቀት ላይ የተሸመነ ነጠላ ነው። ሁለተኛ፣ ሙያው ወደ ትምህርት ቤት ይግባ። ሸማኔው በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ በተማሪነት ብቻ ሳይሆን በአስተማሪነት ይቁም፤ መሐንዲሱም ከሽመናው ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ይማር። ሦስተኛ፣ ባለ እጁ ዕቃውን የሚያሻሽልበት ብድርና ማኅበር ይኑረው፤ ትርፉን ነጋዴው ብቻ ከወሰደው የሽመናው ዕቃ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይተላለፋልና።

አራተኛው ግን በአዋጅ የሚፈጸም አይደለም። በበዓል ቀን ጥበብ ለብሶ የሸማኔውን ልጅ ለጋብቻ የሚጸየፍ፣ በጀበና ቡና ጠጥቶ ሸክላ ሠሪዋን በዓይነ ቡዳ የሚጠረጥር ኅሊና በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ መታገል አለበት። ይህ ኅሊና እስካለ ድረስ ስለ ጃፓን ብዙ መጻሕፍት ብንጽፍ፣ ብዙ ልዑካን ብንልክና ብዙ ወረቀት ብንለጥፍ የምናመጣው ዕቃውን እንጂ ዕቃውን የወለደውን ነገር አይደለም። በመሪ መንገድ የሚያልፈው መኪና የአንድ አናጢ ልጅ እናቶች ሲሸምኑ አይቶ ድካማቸው ሊቀንስ ይገባዋል ብሎ ያሰበበት ሐሳብ ነው። እንዲህ የሚያስብ ልጅ በእንጦጦ ግርጌም ተወልዷል፤ ወደፊትም ይወለዳል። የእኛ ጥያቄ የሚሰድበው ኅብረተሰብ ይጠብቀዋል ወይስ የሚያስተምረው የሚለው ነው።